መድኃኒቱን ላለመቀስቀስ

ሙናዬ ጉልበቷን የምታስታምመው እንደ ክፉ አማት ነበር። ስትነሳ ታስፈቅደዋለች፣ ስትቀመጥ ታስፈቅደዋለች፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ደግሞ ገና ደመናው ሳይደርስ እሱ ቀድሞ ይነግራታል። አንድ ቀን ሩዝ ስታርም ከዋለች ማታውን አብጦ፣ ግሎ፣ ድቡልቡል ብሎ ያድራል። የምትኖረው ከወረታ ወደ ጣና በሚወርደው የፎገራ ሜዳ ላይ፣ የርብ ወንዝ ሲሞላ ዙሪያቸውን ውኃ ከሚከባቸው መንደሮች በአንዱ ነው፤ እዚያ አገር ጉልበት የከዳው ሰው ክረምቱን ከደጃፉ አያልፍም። ጎረቤቱ ሁሉ ጉልበቷን ያውቀዋል። ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ግን ባሏ ባየህ ነበር፤ ለአንዲት ጥያቄው ሁልጊዜ መልስ የሚሰጠው ያ ጉልበት ስለሆነ።

የባየህ ጥያቄ አብረን እንቁረብ የምትል ነበረች። ሁለቱ የተጋቡት በሰማንያ ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ምስክር ቆሞ። በሰማንያ የተጋባ ሰው ሲመረው ይፋታል። አብረው የቆረቡ ባልና ሚስትን ግን ሞት ካልሆነ የሚለያቸው የለም። ለዚህም ነው በዚያ አገር ሰው ልጆቹን ድሮ፣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ሥጋው በረድ ሲልለት የሚቆርበው። ባየህ ፀጉሩ ከነጣ ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ፍልሰታ በመጣ ቁጥር ያነሳባታል። ሙናዬም ፍልሰታ በመጣ ቁጥር ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጉልበቷን ታሳየዋለች። ቅዳሴው ረጅም ነው፣ መቆም አለ፣ ስግደት አለ፤ በዚህ ጉልበት እንዴት ተብሎ? ባየህ እብጠቱን ያያል፤ እብጠቱ እውነት ነው፤ ስለዚህ ዝም ይላል።

ስለ ይፋግ ግን ሁለቱም አንስተው አያውቁም። ባየህ ጎልማሳ ሳለ አንድ ወይፈን ሊሸጥ ይፋግ ገበያ ሄደ። ወይፈኑ ተሸጠ፣ ባየህ አልተመለሰም። ጠላ የምትሸጥ ሴት ቤት ገብቶ ቀረ የሚለው ወሬ ከገበያተኛው ጋር አብሮ ደረሰ። ክረምቱ አለፈ፣ በጋውም አለፈ፤ ሙናዬ ልጆቿን ይዛ፣ በሬ እየተዋሰች፣ የሰው ዓይን እያየች ከረመች። ከዚያ በሚቀጥለው ክረምት አንድ ቀን ሩዝ ስታርም ባዶ እጁን በድንበሩ ላይ መጣ፤ ምንም ሳይናገር ከጎኗ ጎንበስ ብሎ ማረም ጀመረ። አልሰደበችውም። ከየት መጣህ አላለችውም። ማታ እራት ስታቀርብ የእሱንም አቀረበች። አገሩ ሁሉ ጨዋ ሴት እያለ አመሰገናት። ጨዋነት ይሁን ሌላ ነገር የጠየቃት ግን አንድም ሰው አልነበረም።

እንዲህ ተደላድሎ የተቀመጠውን ነገር ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ያበላሸችው የወንድሟ ልጅ ፀደይ ናት።

ፀደይ ፋርማሲ ተማረች፣ ጨረሰች፣ ደግሞ ተማረች፤ አሁንም ባሕር ዳር እየተማረች ነው። ምን እንደምትሠራ ዘመድ ሁሉ ይጠይቃታል፤ ስትመልስ ግን የሚያዳምጣት የለም። ለሚያብጥ ጉልበት የሚሆን መድኃኒት ነው ሥራዋ። መድኃኒቱ እንኳ ድሮም የነበረ ነው፤ እሷ የምትሠራው ማደሪያውን ነው። ነገሩ በሰው ላይ ወደሚሞከርበት ደረጃ ደርሶ፣ ፈቃዱ ተገኝቶ፣ ጉልበታቸው የሚያስቸግራቸው ሰዎች ሲፈለጉ መጀመሪያ ትዝ ያለቻት አክስቷ ሆነች። ሙናዬም ምን ይመጣል ብላ ሄደች። እውነቱን ለመናገር ይድናል ብላ አልሄደችም።

ሐኪም ቤት ውስጥ ፀደይ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አሳየቻት። ውስጧ ነጣ ያለ ነገር አለ። ፀደይ ብልቃጧን ደፋቻት፤ ነገሩ አልፈሰሰም። ሙናዬ እርጎ ነው አለች። ፀደይ ሳቀችና አብዛኛው ውኃ ነው አለቻት። ውኃውን ቀጥ አድርጎ የያዘው በዓይን የማይታይ ክር ነው፤ ክሩን ደግሞ የፈተለው የለም። ትናንሽ ቅንጣቶች ናቸው። ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ለየብቻቸው ይንሳፈፋሉ፤ ውኃው ሲበርድ እርስ በርስ ይፈላለጋሉ፣ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፣ ክር ይሆናሉ፤ ክሩም ይጠላለፍና መረብ ይሆናል። መድኃኒቱ በመረቡ ውስጥ ተይዞ ይቀመጣል።

ሙናዬ ጥቂት አሰበችና እንደ እምቦጭ በይኛ አለቻት። እምቦጭ ጣናን የወረረው አረም ነው፤ ማንም ሳይተክለው ሥሩ ከሥር እየተያያዘ ውኃውን ያስተኛዋል፣ ዓሣም ከሥሩ ይደበቃል። ፀደይ የዕድሜዋ ልፋት ከአረም ጋር መመሳሰሉ ከነከናት፤ ብታወጣ ብታወርድ ግን ከዚያ የተሻለ ምሳሌ አላገኘችም።

ልፋቷ መረቡን መሥራቱ ላይ አልነበረም። መረቡ ራሱን ይሠራል። ያስቸገራት አለቃቀቁ ነው። ቶሎ ከፈታ መድኃኒቱ ሁሉ በአንድ ቀን ፈስሶ ይባክናል፤ ካልፈታ ደግሞ እዚያው ታስሮ ይቀራል፣ ጉልበቱም እያበጠ ይኖራል። ስንት ጊዜ ሠርታ ስንት ጊዜ እንዳፈረሰችው ስትናገር ድምፅዋ ይደክም ነበር። በመጨረሻ ያገኘችውን መላ ስትነግራት ግን እንደ ልጅነቷ ዓይኗ በራ።

«ጉልበትዎ ሲቆጣ፣ አክስቴ፣ ራሱ የሚያመነጨው ነገር አለ። ክሩን የሚበጥሰው እሱ ነው። በተቆጣው ልክ ይበጥሳል፣ በተበጠሰው ልክ መድኃኒቱ ይወጣል። ሲበርድለት መድኃኒቱም ያርፋል።»

መርፌው አሳመማት፤ ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልነበረም። ሳምንት ሳይቆይ ሙናዬ ሜዳው ላይ ቀጥ ብላ መሄድ ጀመረች። ቁጢጥ ብላ አረመች፤ ተነሳች፤ ጉልበቷ ጋል ይልና ወዲያው ቀዝቀዝ ይላል። ጎረቤት እልል አለላት። ፀደይ በየጊዜው ስልክ እየደወለች ስትጠይቃት፣ ሙናዬ ተመስገን ትላለች፤ ስልኩን ስታስቀምጥ ግን ልቧ ቅር ይላታል። ለምን ቅር እንደሚላት ራሷን አልጠየቀችም።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታም ገባ። ባየህ ዘንድሮ አልጠየቃትም። ስትሄድ አያት፤ ከዚያ ደንገል ቆርጦ አምጥቶ የደጃፏን ታንኳ ማደስ ጀመረ። ቤተ ክርስቲያናቸው ማርያም ያለችው በጉብታ ላይ ነው፤ ርብ ሲሞላ በታንኳ ካልሆነ አይደረስባትም። ሙናዬ ደንገሉን ሲያስር እያየች ቆመች። የምታሳየው ጉልበት አልነበራትም። እሺ ሳትል፣ እምቢም ሳትል፣ እንደ ቀልድ ንስሐ ገብተው ቀኑ ተቆረጠ።

የንስሐ አባታቸው አባ ኪዳነ ማርያም በዕድሜ ከሙናዬ ያንሳሉ፤ ልጄ እያሉ ነው ግን የሚጠሯት። በፍልሰታ ቆራቢው ብዙ ነውና ለሁሉም የሚናገሩት አንድ ዓይነት ነው። ከማታው እራት በኋላ እህል ውኃ በአፍ አይግባ። ጥርስ አይፋቅ። እንቅፋት እንዳይመታችሁ፣ ደም እንዳይፈሳችሁ፣ አልቅት ካለበት ውኃ እግራችሁን አታግቡ። መድኃኒትም ቢሆን ከቁርባን በኋላ ይደርሳል።

ሙናዬ ከዚህ ሁሉ የሰማችው የመጨረሻውን ነው። ቤቷ ገብታ ቁጭ ብላ አሰበችው። እሷ መድኃኒት አልዋጠችም፣ አትውጥም። መድኃኒቱ ግን ውስጧ ነው፤ ተኝቶ ነው ያለው። ቅዳሴው መካከል ጉልበቷ ቢቆጣ ክሩ ይበጠሳል፣ መድኃኒቱ በሥጋዋ ውስጥ ይፈሳል። ያን ጊዜ ጾመኛ ናት ወይስ አይደለችም? ነገሩ እንዲህ ሲታሰብ ሞኝነት ይመስላል፤ ከቁርባን በፊት ባለው ቀን ግን በዚያ አገር ሰው ዝንብ ወደ አፉ እንዳትገባ ተጠንቅቆ ነው የሚውለው፤ መድኃኒት የታቀፈ ጉልበት እንዴት ይናቃል?

አባን ሄዶ መጠየቅ ይቻል ነበር። አልሄደችም። ለራሷ የሰጠችው ምክንያት መልካም ምክንያት ነበር፤ ብጠይቅ አይሆንም ይሉኛል፣ ባየህ ያዝናል፣ ታንኳውም በከንቱ ታደሰ። ይልቅ ፀደይ ስትደውል ነገሩን አዙራ ጠየቀቻት፤ ጉልበቱ ካልተቆጣስ መድኃኒቱ ምን ያደርጋል አለቻት። ፀደይ ሥራ ላይ ነበረችና ካልተቆጣማ ተኝቷል ብላ ስልኩን ዘጋች። ምሁር ሲቸኩል እንዲህ ነው። ጥቂት ጥቂት ሁልጊዜም እንደሚያፈስ፣ ጨርሶ የሚተኛ ነገር እንደሌለ ብትነግራት ኖሮ ሙናዬ ሌላ ሐሳብ ታስብ ነበር። አሁን ግን መላው ተገኘ። ጉልበቷን እስከ ቁርባን ድረስ አታስቆጣም፤ መድኃኒቱን አትቀሰቅስም።

በዋዜማው ከእራት በኋላ ቀኝ እግሯን እንደ እንጨት ቀጥ አድርጋ አልጋ ላይ ዘረጋችው፤ እንደዚያው አደረች። ጠዋት ስትነሳም ሳታጥፈው ተነሳች። በፍልሰታ ቅዳሴ የሚገባው እኩለ ቀን ላይ ነውና ረፋዱን ወጡ። ባየህ አልቅቱን ፈርቶ ቦት ጫማውን አጥልቆ፣ ታንኳዋን ከደጃፍ እስከ ውኃው ገፋት። ሙናዬ ነጭ ለብሳ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ከጉልበቷ ሥር ጋቢ አጥፋ፣ ጀርባዋን ለመንደሯ ሰጥታ ተቀመጠች። ባየህ ከኋላዋ ቆሞ ዘንጉን መሬት እያስነካ ይገፋል።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከፊታቸው ውኃው ተኝቷል፤ በውኃው ውስጥ ሌላ ሰማይ፣ ሌላ ደመና አለ። መጀመሪያ የሩዙ ጫፍ አረንጓዴ ሆኖ ይታይ ነበር፤ እየቆየ እሱም ጠፋ። ዛፎች ግንዳቸውን ውኃ ውጦት ቅጠላቸው ብቻ ተንሳፎ ቀርቷል። ወዲያ ጉብታው ላይ ጥቁርና ነጭ ላሞች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ከሥራቸው ሌሎች ላሞች ተገልብጠው ቆመዋል። ነጫጭ ወፎች ሲያልፉ ከላይም ከታችም ነው የሚያልፉት። ከማታ ጀምሮ ያልበላ ሰው አካሉ ይቀላል፤ ሙናዬ ታንኳዋ ውኃውን ትንካ አትንካ ማወቅ አቃታት። ዘንጉ ውኃ ውስጥ ሲገባ ጭብ ይላል፣ ሲወጣ ይንጠባጠባል፤ ከዚያ በቀር ድምፅ አልነበረም። ዓይኗን ጨፈነች።

እንቅልፍ ይሁን ረኃብ አልለየችውም፤ ጉልበቷ ውስጥ ነበረች። ጉልበቷም ፎገራ ነበር። ዳር የሌለው ሜዳ፣ እስከ ሰማይ የሚደርስ ውኃ፣ የማይሞቅ የማይበርድ። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ውኃው ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ትናንሽ ነገሮች ይንሳፈፋሉ፤ አንዱ አንዱን ያገኘዋል፣ ይጠጋዋል፣ ሌላው ደግሞ ከጎናቸው ይመጣል። የሚጠራቸው የለም፣ የሚያዛቸውም የለም። ዓይኗ እያየ ክር ሆኑ፣ ክሩም በየት በኩል እንደጀመረ ሳይታወቅ ሜዳውን ሞላው። ሙናዬ በክሮቹ መካከል ነጠላዋን ሰብስባ አለፈች። በየመረቡ ውስጥ መድኃኒቱ ተኝቷል፤ የውኃ ቀለም ያለው ትንሽ ዓሣ ይመስላል፣ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ይተነፍሳል። እንዳይነቃ እሹሩሩ ማለት ጀመረች። ልጆቿን ካሳደገች ወዲህ ማንንም እሹሩሩ ብላ አታውቅም፤ ድምፅዋ ያኔ እንደነበረው ሆኖ ወጣላት፣ ደስም አላት።

ከዚያ ከሩቅ የሰው እርምጃ ሰማች። አንድ ሰው በውኃው ውስጥ እየመጣ ነበር። ፊቱ አይታይም። እግሩን ባነሳ ቁጥር ክር ይበጠሳል፤ አይቸኩልም፣ እጁም ባዶ ነው። አረማመዱን አወቀችው። አትምጣ ልትለው ፈለገች፣ ተኝተዋል ልትለው ፈለገች፤ አፏ ግን እሹሩሩውን መተው አልቻለም። ሰውየው ቀረበ። ዓሦቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዓይናቸውን ገለጡና እሷን አዩአት።

ብንን ስትል ታንኳዋ ቆማለች። ባየህ ዘንጉን ተክሎ፣ ጎንበስ ብሎ ያያታል። ስትቃዢ ነበር አላት። ጉልበትሽ አመመሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። አላመመኝም አለች። ታዲያ እግርሽን ከትናንት ጀምሮ እንዲህ የገተርሽው ምነው ሲላት ሁሉንም ነገረችው፤ ክሩን፣ መድኃኒቱን፣ አባ ያሉትን፣ ጉልበቱ ከተቆጣ ጾሙ እንደሚፈርስ። ስትናገረው ለራሷም እንግዳ ነገር መሰላት፤ ግን ተናግራ ጨረሰች።

ባየህ አልሳቀባትም። አባን ጠይቀሻቸዋል ወይ አላት። አልጠየቅሁም አለችው። ምነው ሲላት አይሆንም እንዳይሉኝ ፈርቸ ነው አለችው።  ባየህ ዘንጉን ነቅሎ በሌላው ወገን ወጋ፤ የታንኳዋም አፍንጫ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ።

«እንመለስ» አለ። «እንዲህ እየከነከነሽ አይሆንም። መድኃኒቱ እስኪያልቅ እንጠብቃለን። ለከርሞ መቆም ካቃተሽ አዝየሽ እገባለሁ።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ቅሬታም አልነበረም። ማርያም ያለችበት ጉብታ ወደ ጎን ሄደ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሄደ፤ በምትኩ መንደራቸው ከፊት መጣ። ሙናዬ ይህን ያህል ዓመት የፈለገችው ይኸው ነበር፤ ሰበቧ ሳይመረመር ተቀባይነት አገኘ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስ አላላትም። ይልቅስ ተናደደች፤ ንዴት መሆኑን ያወቀችው የታንኳዋን ጠርዝ ጨምድዳ መያዟን ስታይ ነው። ተንኮለኛ ቢሆን፣ ቢለምናት፣ ቢቆጣት ትችለው ነበር። ይሄኛውን አልቻለችውም።

«አቁም» አለችው። ታንኳዋ ቆመች። ሙናዬ ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ፊቷን ለውኃው እንደሰጠች ተናገረች። «አይሆንም እንዳይሉኝ አልነበረም። ይሆናል እንዳይሉኝ ነው የፈራሁት።»

ይህን ነገር እሷም ገና አሁን መስማቷ ነበር። ከተናገረችው በኋላ ግን ሌላው ነገር ተከትሎ መጣ፤ ልትመልሰው ብትሻም አይመለስም ነበር።

«ከይፋግ ለምን ተመለስህ?»

 ለዚህ ጥያቄ መልሱን ሙናዬ ራሷ አዘጋጅታለት ኖራለች፤ ልጆቹ ናፍቀውት ነው፣ ተጸጽቶ ነው፣ አገሩ ውል ብሎት ነው። ሌሊት ሌሊት እየመረጠች ከእነዚህ አንዱን ትሰጠው ነበር። አሁንም ከእነዚህ አንዱን ቢላት ታምነው ነበር፤ ቢያንስ ያመነች መስላ ታልፈው ነበር።

«አባራኝ ነው» አለ ባየህ። «ልብሴን ደጃፍ ላይ ጥላ አባረረችኝ። መሄጃ አልነበረኝም፤ ሌላ ቤት ስለሌለኝ መጣሁ። ናፍቀሽኝ መጣሁ ብየሽ፣ ዋሽቸ፣ ዛሬ ወደ መቅደሱ አልቀርብም።»

ሙናዬ ይመታኛል ብላ የጠበቀችው ሕመም አልመጣም። መጣ፤ ግን ይህን ያህል ዓመት ከፈራችው ያነሰ ነበር። ወሬው ይፋግ ላይ የሚታወቅ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ምናልባት መንደሯም ያውቀው ይሆናል። ጨዋ ሴት ሲሏት በልባቸው ምን ይሉ እንደነበር አሁን ገባት። አንድ ነገር ብቻ ቀራት።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ መሄጃ ሞልቶኝ ነበር» አለ። «ወንድሜ መተማ ና፣ ሰሊጥ እናርሳለን እያለ በየዓመቱ ይልክብኝ ነበር። አንቺ ፊት አትሰጭኝም፤ ሰዉም አይቶ አያየኝም። ሰሊጡ በደረሰ ቁጥር እነሳለሁ፣ ጨርቄን እቋጥራለሁ፤ አንቺ ሩዙ ውስጥ ጎንበስ ብለሽ አይሽና ልፈታው እመለሳለሁ። በየዓመቱ ልሄድ ነበር። በየዓመቱ አልሄድሁም።»

ውኃው ጸጥ ብሎ ነበር። አንዲት ነጭ ወፍ መጥታ ከታንኳዋ አፍንጫ ላይ ልታርፍ አሰበችና ሐሳቧን ቀየረች። ሙናዬ አለቀሰች። ያስለቀሳት መባረሩ አልነበረም፤ ያን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው ከጎኗ ጨርቁን እየቋጠረ ሲፈታ እሷ አንድም ቀን አለማየቷ ነው። እንባዋ በጉንጯ ወርዶ ከንፈሯ ሲደርስ ደንግጣ በነጠላዋ ጠረገችው፤ እንባም ቢሆን በአፍ ከገባ ጾም ይሽራል። ባየህ ይህንን አየና ሊስቅ ፈልጎ ፈራ። እሷ ግን ሳቀች፤ እያለቀሰች፣ ከንፈሯን በነጠላ ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪናወጥ ሳቀች። ከዚያ እግሯን አጠፈችው። ከትናንት ጀምሮ የተገተረ ጉልበት ሲታጠፍ ድምፅ አሰማ፤ ውስጡም ጋል አለ።

«አዙራት» አለችው፤ ባየህም አዞራት።

ጉብታው ሥር ሲደርሱ ደወሉ ተደውሎ ሰዉ እየገባ ነበር። ባየህ ታንኳዋን ደረቁ ላይ ጎትቶ፣ እጇን ይዞ አወረዳት። ዳገቱን ብቻዋን ወጣችው። ጉልበቷ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፤ ደግሞ ይሞቃል። እዚያ ውስጥ እየተበጠሰ ያለውን ክር አሰበችው፣ የነቁትን ዓሦች አሰበቻቸው፤ ልታባብላቸው ግን አልሞከረችም። በሩ ላይ አባ ኪዳነ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው ቆመው የሚቆርበውን ሰው አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። ሙናዬ ተራዋ ሲደርስ ጎንበስ ብላ ነገረቻቸው፤ ጉልበቷ ውስጥ መድኃኒት እንዳለ፣ መድኃኒቱም ጉልበቷ በተቆጣ ቁጥር እንደሚፈስ፣ አሁንም እየፈሰሰ እንደሆነ።

አባ ግራ ገባቸው። ዛሬ ነው የወሰድሽው አሏት። ሐምሌ ላይ ነው አለች። በአፍሽ ነው አሏት። በመርፌ ነው አለች። አባ የሚሆን አይሆን እንደሆነ ለማሰብ ያህል እንኳ አልቆዩም፤ ከኋላዋ ብዙ ሰው ነበር።

«ሐምሌ ላይ የተወጋሽው ምን ያገናኘዋል ልጄ? ይሆናል፣ ግቢ።»

ያች የፈራቻት ቃል እንዲህ በቀላሉ መጣች። ሙናዬ ግን እንደቆመች ቀረች። ባየህ በወንዶቹ በኩል ቦት ጫማውን አውልቆ፣ በባዶ እግሩ ጭቃውን እየረገጠ ወደ በራቸው ይወጣ ነበር። ተከትላው ትግባ አትግባ ዞሮ አላየም፤ ተራው ደርሶ፣ በዚያ በኩል ከቆሙት ቄስ መስቀል ተሳልሞ ገባ።

አባ እሷ አለመንቀሳቀሷን ሲያዩ ለሁሉም ሰው የሚጠይቁትን ጠየቋት።

«ሌላ የሚከለክልሽ ነገር አለ?»

ሰው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የለም ብሎ ያልፋል። የይፋጉ ቂም ጨርሶ አልወጣላትምና ሙናዬ ልትዋሽ አልፈለገችም፤ በዚያ ቀን፣ በዚያ በር ላይ፣ ባየህ ከተናገረው በኋላ አልቻለችም።

«አለ፣ አባቴ» አለች። «ግን አይከለክለኝም።»

አባ ቀና ብለው አዩአትና መስቀላቸውን ዘረጉላት። ተሳልማ ጫማዋን አውልቃ ገባች።